የምራቅና የስታርች ሙከራ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ጎጃም ውስጥ ድንች አይጠፋም። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ባይኖርም አሲድ የኢንዛይምን (በሰውነት ውስጥ የኬሚካል ለውጥ የሚያፈጥን ፕሮቲን) ፍጥነት እንዴት እንደሚለውጥ ማሳየት ይቻላል። ድንቹን ፈግፍጉ፣ በውሃ እጠቡ፣ የዘቀጠውን ነጭ ስታርች ያዙ። 1 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አማስላችሁ አቀዝቅዙት። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን ይሰባብረዋል። አዮዲን ስታርች ካገኘ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ካላገኘ ቢጫ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል።

ችግር፦ አሲድ እንዲሆን ሎሚ የገባበት ቱቦ ወዲያው ሰማያዊነቱን አጣ።
ተማሪው ይህን አይቶ «አሲድ ኢንዛይሙን አፈጠነው» ብሎ ይጽፋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ያየው ነገር ከኢንዛይሙ ጋር አይገናኝም። የሎሚው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ራሱን ቀለም አልባ ያደርገዋል። ስታርቹ እንዳለ ነው። በሎሚ ፋንታ አቼቶ ተጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ቱቦ ደግሞ ምራቅ የሌለበት ማነጻጸሪያ አዘጋጁ። እዚያም ቀለሙ ከጠፋ ሥራው የኢንዛይም አይደለም። ይህን ቱቦ ፈጽሞ አትዝለሉት። ኮስቲክ ሶዳም አዮዲኑን ያጠፋዋል፤ ለአልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ቱቦ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል።

ችግር፦ አቼቶ ያለበትና የሌለበት እኩል ሄዱ።
አሲዱ አንሷል። የምራቅ ባይካርቦኔት ጥቂት ጠብታ አሲድ ያከሽፋል። ፒኤቹን (የአሲድነት ልኬቱን፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ሁሉም ከተቀላቀለ በኋላ ለኩ። አሚሌዝ በደንብ የሚሠራው 7 አካባቢ ነው፤ ከ4 በታች ሥራ ያቆማል ማለት ይቻላል። አቼቶውን መጀመሪያ ከምራቁ ጋር አዋህዱ፣ ስታርቹን በመጨረሻ ጨምሩ።

ሁሉም ቱቦ ከዘገየስ? ብርዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ቱቦዎቹን 37 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ አቁሙ።

ችግር፦ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ አከሸፍነው፣ ኢንዛይሙ ግን አልነቃም።
ይህ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም የትምህርቱ ዋና ነገር እዚህ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ የታጠፈ ቅርጹን ከያዙት ነገሮች አንዱ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቻርጆች መሳሳብ ነው። ከአሲድ የሚመጣው ሃይድሮጅን አዮን እነዚህን ቻርጆች ይለውጣል። ለውጡ ትንሽ ከሆነ ፍጥነቱ ይቀንስና መልሶ ይስተካከላል። ከበዛ ቅርጹ ይፈታል፤ ሶዳ አይመልሰውም። አዲስ ምራቅ ውሰዱና አቼቶውን ቀነስ አድርጋችሁ ድገሙ። የጨጓራው ኢንዛይም ፔፕሲን ግን ለ2 ገደማ ፒኤች የተሠራ ቅርጽ ስላለው እዚያ ነው የሚፈጥነው።

ሁሉም ተማሪ የራሱን ምራቅ ብቻ ይያዝ። ዕቃውንም በበረኪና እጠቡ።