ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ሲሻገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለጎንደር የጽሑፍና ኮፒ ቤቶች

ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ወጥቶ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ተቋረጠ። ‹ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገሩ› የሚለው መስኮትም ስክሪኑን ሞልቶ እየመጣ ሥራ ያቋርጣል። ከማራኪ እስከ ፒያሳ፣ እስከ አዘዞም ድረስ ላሉ የጽሑፍና ኮፒ ቤቶች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ እንጀራቸው ያለው በዚያ ማሽን ውስጥ ባለው ፊደል፣ ፕሪንተርና የሒሳብ ፋይል ላይ ነው።

የሚያመነቱትም ምክንያት አላቸው። ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ገና ያላለቀ ነበር። ፎቶ ከፎልደር ጎትቶ ታስክባር ላይ ወዳለው ወርድ ማስገባት፣ ማለትም የጥሪ ካርድ የሚሠራ ሰው እጁ የለመደው ነገር፣ ጠፍቶ ነበር፤ የተመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። የተከፈቱ ፋይሎችን ታስክባር ላይ ከነስማቸው ለየብቻ ማሳየት ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጀ። ዛሬም ቢሆን ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ የለመዱት ዝርዝር አጥሮ ይመጣል። ሺፍትን ተጭነው ቀኝ ክሊክ ካደረጉ የድሮው ሙሉ ዝርዝር ይወጣል።

በሥራ ጫፍ መጀመር

ጥር ላይ የጥምቀት ባነርና ቲሸርት፣ ሰኔ ላይ የተማሪዎች ጥናታዊ ጽሑፍና የበጀት መዝጊያ ሰነድ ይደራረባል። በእነዚህ ወራት ሶፍትዌር አይቀየርም። ከዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ዝማኔን እስከ 35 ቀን ማቆም ይቻላል። የሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩን ‹ሜትርድ ኮኔክሽን› (በመጠን የሚቆጠር ዳታ) ብለው ይመዝግቡት፤ አለበለዚያ ብዙ ጂቢ ያለው ፋይል ሳያውቁት ወርዶ ፓኬጅዎን ይጨርሳል። የሚጀምሩበትን ቀን መብራት የማይቆራረጥበት ያድርጉት። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ በመሀል ከጠፋ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል፣ የድሮ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ደግሞ ሥራው ሰዓታት ይወስዳል።

‹ፋይሌ ዲ ላይ ነው› ብሎ መተማመን

ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍልፋዮች ናቸው። ዲስኩ ከሞተ ወይም ፎርማት የሚያደርገው ሰው ክፍልፋዮቹን ከሰረዘ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ከማሽኑ ውጪ ባለ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትሱን፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ፎልደር (የደንበኞች ፋይል የሚከማቸው እዚያ ነው)፣ የፎንት ፋይሎችን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨርና የሶፍትዌሮቹን ቁልፍ ቁጥር ጭምር። ከገለበጡ በኋላ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይዩ። ሳይከፈት ተገልብጧል የተባለ ፋይል ገና አልተገለበጠም ብለው ይቁጠሩት።

የድሮውን የግዕዝ ፎንት መርሳት

ብዙ ሥራ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል አንድ ዓይነት እንዲያውቁ ያደረገው የጋራ ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በተሳለባቸው ፎንቶች ነው። የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች እንዲህ ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ ፎንቱ ሳይጫን ሲቀር የ10 ዓመት ውልና ቃለ ጉባኤ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ጽሑፉ አልጠፋም፣ ግን አይነበብም። ያን ጊዜ ደንግጦ ‹ሴቭ› ማለት ወይም ሁሉንም መርጦ ፎንት መቀየር ነገሩን ያባብሰዋል።

ከመሻገርዎ በፊት እንዲህ ይፈትሹ። ፋይሉን ይክፈቱ፣ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። አማርኛው እንደ አማርኛ ከታየ ዩኒኮድ ነው፣ አያሳስብም። የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ከታየ የድሮው ዓይነት ነው። የድሮዎቹን በአንድ ፎልደር ይሰብስቡና እያንዳንዱን፣ ፎንቱ ባለበት በአሁኑ ማሽን ላይ እንዳለ፣ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ። ፒዲኤፉ የፎንቱን ቅርጽ በውስጡ ይይዛል፣ ቢያንስ ይነበባል፣ ይታተማል። መታረም ያለባቸውን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ ያሻግሩና በዓይን ያንብቧቸው፤ በተለይ ቁጥሮችን፣ አራት ነጥብንና እንደ ‹ኳ›፣ ‹ቧ› ያሉትን። አንዱ ፎንት የሚጠቀምበት የቦታ አደላደል ከሌላው ስለሚለይ ለአንዱ የተሠራ መቀየሪያ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ዩኒኮድ የሆነውም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለው። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ‹ኦፕሽናል ፊቸርስ› ውስጥ ገብተው ‹ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ› የሚለውን ካልጫኑት አይገኝም። በኒያላ የተጻፈ ጥናታዊ ጽሑፍ ኒያላ በሌለበት ማሽን ሲከፈት በሌላ ፎንት ተተክቶ ይታያል፤ መስመሩ ይሰበራል፣ የገጹ ብዛት ይለወጣል፣ ማውጫው ከገጹ አይገጥምም። ተማሪው ሊያስጠርዝ ወረፋ ይዞ ሳለ ይህን ማወቅ ከባድ ነው። መጫኑ ኢንተርኔት ይፈልጋልና አስቀድመው ይጨርሱት። ሌሎች ፎንቶችን ሲጭኑም ቀኝ ክሊክ አድርገው ‹ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ› የሚለውን ይምረጡ። በሁለት ክሊክ የተጫነ ፎንት ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ስለሚቀመጥ አንዳንድ የቆየ ፕሮግራም አያየውም።

ፕሪንተሩን ሳይሞክሩ ማሽኑን መቀየር

ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት የለውም፤ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ 32 ቢት ድራይቨር ብቻ ያለው የቆየ ፕሪንተር ወይም ስካነር አይሠራበትም። የአሁኑ ዊንዶውስዎ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ (‹ሴቲንግስ›፣ ‹ሲስተም›፣ ‹አባውት› ውስጥ ይታያል) ፋይልና ፕሮግራም እንዳለ መሻገር አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጫን ነው። እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ያሉት ፕሪንተሮች ገጹን የማዘጋጀቱን ሥራ ለኮምፒውተሩ ትተው የሚሠሩ ናቸው፣ ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለ ወረቀት እንኳ አይስቡም። ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ከጎረቤት ተውሰው ገመዱን ይሰኩና 3 ገጽ ያትሙ፦ አንድ አማርኛ፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ፎቶ።

አዲስ ሲጫን አገሩ አሜሪካ ተብሎ ከቀረ የወረቀቱ መጠን ሌተር ሊሆን ይችላል። ሌተር ከኤ4 በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ‹የታችኛው መስመር ይቆረጣል› ሲባል ሰው ፕሪንተሩን ይፈታል፤ መጀመሪያ የወረቀቱን መጠን ይዩ።

የፒችትሪን ፋይል በአዲሱ ከፍቶ ማየት

የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ በ2012 እ.ኤ.አ. ሴጅ 50 ተብሎ ስሙ ቢለወጥም እዚህ አገር ብዙ የሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው በድሮው ስሙና በ2010 ዕትሙ ነው። የድርጅቱ ፋይል በአዲስ ዕትም አንዴ ከተከፈተ ወደዚያ ዕትም ይቀየራል፤ አሮጌው ዳግም አይከፍተውም። ‹እስቲ ልየው› ብሎ መክፈት ራሱ መሻገር ነው። ከፋይል ሜኑ ‹ባክ አፕ› ብለው የሚወጣውን ፋይል ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ያንኑ 2010 ይጫኑና ባክ አፑን እዚያ ይመልሱ። የሙከራ ሚዛኑ ከድሮው ጋር በሳንቲም እስኪገጥም ድረስ የድሮውን ማሽን አይንኩ።

በጫኙ ሰው ኢሜይል ማስከፈት

ዊንዶውስ 11 ሲጫን የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ባለሥራው ‹የኔን ላስገባበት› ይላል፣ ባለሱቁም ጊዜ ለመቆጠብ እሺ ይላል። አዳዲሶቹ ዕትሞች በዚህ መንገድ ሲጫኑ ብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፋሉ፤ መክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሆኖ የሚቀመጠው በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ከወራት በኋላ ማዘርቦርድ ተቀይሮ ወይም ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ተነክቶ ሰማያዊ ስክሪን ቁጥሩን ሲጠይቅ ቁልፉ ያለው በሌላ ሰው ኢሜይል ነው። ያ ሰው ስልክ ቁጥሩን ቀይሮ ከሆነ ፋይሉ አይመለስም። በራስዎ ኢሜይል ያስከፍቱ፣ ቁጥሩን አትመው ከሱቁ ደረሰኝ ጋር ያኑሩት።

በዚያው ጊዜ ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ዴስክቶፕዎንና ዶክመንትስዎን ወደ ኢንተርኔት ሊወስድ ይችላል። ነፃው ቦታ 5 ጂቢ ነው፤ የደንበኛ ፎቶ በቀናት ይሞላዋል። የደመና ምልክት ብቻ የሚታይበት ፋይል ኢንተርኔት ሲጠፋ አይከፈትም። ለኮፒ ቤት ይህን ማጥፋት ይሻላል።

በማይችል ማሽን ላይ በግድ መጫን

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 (ማሽኑ ውስጥ ያለ የደህንነት ቺፕ)፣ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ቦታና በኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ነው። ‹ፒሲ ኸልዝ ቼክ› የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይነግርዎታል። 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ላይ ፍተሻውን አልፎ በፍላሽ የሚጭን ሰው አይጠፋም፣ ይሠራልም፤ ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ላሉት ዝማኔ አልዋስም ብሏል። እንዲህ ያለውን ማሽን በዊንዶውስ 10 ማቆየትና የተራዘመውን የደህንነት ዝማኔ መመዝገብ ይሻላል። ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሰጣል፣ ማሽኑ 22ኤች2 የሚባለው ዕትም ላይ መሆን አለበት፣ ምዝገባውም ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። ምንም ሳይመዘገቡ የማንንም ፍላሽ እየተቀበሉ መቀጠል ግን ኮፒ ቤት ለሚያህል የፍላሽ መናኸሪያ አደጋ ነው።

አሥሩን ቀን ማባከን

ፋይልና ፕሮግራም እንዳለ የተሻገረ ማሽን ወደ ዊንዶውስ 10 የሚመለሰው በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ ‹ሴቲንግስ›፣ ‹ሲስተም›፣ ‹ሪከቨሪ›፣ ‹ጎ ባክ›። የድሮው ሲስተም የሚቀመጠው ሲ ላይ ‹ዊንዶውስ ኦልድ› በሚባል ፎልደር ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ያን የሰረዘ ሰው መመለሻውን ሰርዟል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይሥሩበት፦ ደብዳቤ፣ ባነር፣ መታወቂያ፣ ስካን፣ ሠንጠረዥ፣ ባለ ሁለት ገጽ ኅትመት። ያልሠራውን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በ8ኛው ቀን ወረቀቱ ላይ መፍትሔ ያላገኘ ነገር ካለ፣ ከተሻገሩ በኋላ የሠሩትን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጠው ያኔውኑ ይመለሱ፤ 10ኛው ቀን መብራት የማይኖርበት ቀን ሊሆን ይችላል።