የድሮ ትራክተር ፊቱን በክሪክ ስታነሱ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ (በተለይ ብሎኬቱን!)

ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ እረፍት የለውም፣ "የፊት ጎማው ይወዛወዛል"፣ "ኩሽኔታው ይጮሃል"፣ "ግራሶ ብንሞላው ብንሞላው ይተፋል"፣ እሺ ብዬ ቁልፎቼን ይዤ እሄዳለሁ፣ ስደርስ ትራክተሩ እኔን ሳይጠብቅ ተነስቷል፣ ያውም ብሎኬት ላይ! የምሰራው አርሲና ባሌ ነው፣ የማወራውም ስለ ድሮዎቹ ማሴ ፈርጉሰን 290 እና መሰሎቹ ነው፣ ፊታቸው ዳብል ስለሌላቸው፣ ማለትም የፊት ጎማቸውን ሞተሩ ስለማያዞራቸው ትራክተሮች።

ከብሎኬቱ ልጀምርና ይውጣልኝ። ብሎኬት ለግድግዳ የተሰራ ነገር ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው። 290 ምንም ሳይጎትት ከ2 ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ ሲሶ የሚሆነው ፊቱ ላይ ነው ያለው፣ 8 ወይ 9 ኩንታል በሉት። እስቲ 9 ኩንታል ስንዴ ብሎኬት ላይ ጫኑና ስሩ ገብታችሁ ተኙ! ግድግዳ ላይ ሸክሙ ተበትኖ ነው የሚያርፈው፣ የትራክተር ብረት ግን በአንዲት ጠርዝ ይቆምበታል። እንጨት ሲከብደው ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል፣ ለመሸሽ ጊዜ ይሰጥሃል። ብሎኬት ጭጭ ብሎ ይቆይና አንዴ ይፈርሳል። አንድ ገበሬ ግቢ እንዲሁ ብሎኬት ደርድረው ጠበቁን፣ እኔም እያየሁ "ለትንሽ ሰዓት ነው" ሲሉኝ ዝም አልኩ፣ ቡና ደርሷል ኑ ተብለን ገባን፣ አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይቀዳ ውጪ ዷ! አለ። ስንወጣ አክስሉ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የያዘው አግዳሚ ብረት፣ መሬት ላይ ነው፣ ብሎኬቱ ጠጠር ሆኗል፣ ረዳቴ ቅድም በጀርባው ተኝቶበት የነበረው ካርቶን ከስሩ ተቆርጧል። ልጁ ለረጅም ሰዓት አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ብሎኬት ያየሁበት ግቢ መጀመሪያ የማደርገው ነገር እሱን ማስወርወር ነው፣ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

የብረት ማቆሚያ ካላችሁ እሰየው፣ ከሌላችሁ ደረቅና ወፍራም እንጨት ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ እያጋደማችሁ ደርድሩት፣ ታቹ ሰፊ ይሁን። ድንጋይም አይሆንም፣ ይንሸራተታል።

ክሪክ ላይ ብቻ ትቶ መስራት፦ የክሪኩ ጎሚኒ ካረጀ ሳታዩት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ማቆሚያ ግን ማንም አያስገባም። የፒክአፕ ክሪክ ይዛችሁም አትምጡብኝ።

ዋልካ አፈር ላይ ክሪክ ማቆም፦ ዝናብ ከዘነበ ትራክተሩ ሳይሆን ክሪኩ ነው የሚሄደው፣ ወደ ታች። ስሩ ክንድ በክንድ የሆነ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፣ ከቻላችሁ ደግሞ ጎትታችሁ ጠንካራ መሬት ላይ አውጡት።

አሁን ጀማሪዎች የማይገባቸው ነገር፣ አልፈርድባቸውም ምክንያቱም መኪና ላይ ነው የተማሩት። የእነዚህ ትራክተሮች ፊት ሞላ የለውም፣ አክስሉ መሃሉ ላይ ባለች አንድ ፒን ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን ነው የሚወዛወዘው፣ አንዱ ጎማ ትልም ውስጥ ሲገባ ሌላው ከላይ እንዲሄድ ተብሎ። ስለዚህ አካሉን አንስተህ አንዱን ጎማ ስትፈታ ያኛው ወገን ከብዶ ይወርዳል፣ አንተ ያለህበት ወገን ደግሞ ተፈናጥሮ ይነሳል፣ ፊትህ እዚያ ከሆነ አገጭህን ነው የሚልህ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከጠንካራ እንጨት ሁለት ሽብልቅ ጥረቡና በግራም በቀኝም በአክስሉና ከላዩ ባለው የፊት ብረት መካከል በመዶሻ ምቱት፣ ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ጸጥ ካለ ጨረሳችሁ።

የኋላ ጎማ ላይ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚሸጎጥ ማገጃ) አለማድረግ የእኔ ጥፋት ነበረች። ማርሽ ገብቷል ብዬ ተማምኜ ነው፣ ለካ ሃይ ሎው ማርሹ (ፈጣኑንና ዝግተኛውን የሚመርጠው ሁለተኛው ዘንግ) መሃል ላይ ቆሟል፣ እሱ መሃል ላይ ከሆነ ዋናውን ማርሽ አስገባኸው አላስገባኸው ያው ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ለስሙ ነው ያለው። ትራክተሩ ወደፊት አንድ ክንድ ያህል ሄደ፣ ክሪኩ ተጋደመ፣ አክስሉ የግራሶ ጣሳዬ ላይ አረፈና እንደ ቂጣ ለጠፈው። እጄን ከጣሳው ያነሳሁት ገና አሁን ነበር። ታኮ ከፊትም ከኋላም፣ በሁለቱም ጎማ፣ አራት ማለት ነው፣ ሦስት አይደለም።

ዲስኩን (ማረሻውን) ከኋላ አንጠልጥሎ መተው፦ "ፊቱ ቀለል ይልልናል" ይላሉ፣ እውነት ነው ይቀላል፣ ሃይድሮሊኩ አፍስሶ ዲስኩ መሬት ሲነካ ግን ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት ተመልሶ ክሪካችሁ ላይ ይወጣል። አውርዱት ወይ ፍቱት።

የጎማውን ዳዶ (ብሎን) ትራክተሩ ከተነሳ በኋላ ማላላት፦ በረጅም ቧንቧ እየተንጠለጠልክ ትራክተሩን ታወዛውዘዋለህ። መሬት ላይ እያለ አላላው።

ልጆች። ትራክተር ቆሞ ካዩ ወንበሩ ላይ ወጥተው መሪ ማዞር ነው፣ አባትየውንም ጨምሮ። አንድ ትልቅ ሰው ጠባቂ አድርጉ።

ስትጨርሱ ደግሞ ሽብልቁን ንቀሉት። ባለፈው ዓመት አንዱ ደንበኛዬ "ወንድሜ ከሰራኸው በኋላ ፊቱ ደረቀብኝ፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ነው የሚሄደው" ብሎ ደወለ፣ ስንት ኪሎሜትር በሞተር ሄጄ ሳይ ሁለቱም ሽብልቆቼ መትቼ እንደተውኳቸው አሉ፣ ሰውየው ግማሽ ማሳ አርሶባቸዋል።