የቡና ግዢ መዝገብ ከመተንተኑ በፊት
ጅማ ውስጥ ለቡና ነጋዴ ሪፖርት የሚሠራ ሰው ጊዜው የሚያልቀው የኤክሴል ቀመር ላይ ሳይሆን መዝገብ ማጽዳት ላይ ነው። ዋናውን ፋይል አይንኩ፤ በኮፒው ይሥሩ።

መጀመሪያ መለኪያውን አንድ ያድርጉ። ከጎማና ከማና ወረዳዎች የሚመጣ ደረሰኝ አንዱ በፈረሱላ፣ ሌላው በኪሎ ሊሆን ይችላል። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና 24 ፈረሱላ 408 ኪሎ ይሆናል። ብሩን ለተደባለቀ ድምር ካካፈሉ አማካይ ዋጋው ያለ አግባብ ይሰቀላል። ጀንፈልና የተቀሸረ (ገለባው የተነሣለት) ቡናም ለየብቻ ይደመሩ፤ ጀንፈል ገለባውን ይዞ ነው የሚመዘነው።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም፤ 3/13/2016 ሲጻፍለት እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ወይ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል ወይ ማርች 13 ይለዋል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ይለያዩ።

«ጅማ» እና «ጂማ» በፒቮት ቴብል (መዝገቡን በየዓይነቱ ጠቅልሎ በሚደምረው የኤክሴል ሠንጠረዥ) ሁለት ከተማ ናቸው። የቦታ ስም በዳታ ቫሊዴሽን (በሴል ውስጥ የሚጻፈውን በሚገድበው የኤክሴል መሣሪያ) ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ያድርጉ።