በትንንሽ ምስለ ወታደሮች የሚደረግ የጦርነት ጨዋታን ከጓደኛ ጋር ለመሞከር

በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ምስለ ወታደሮች የሚደረገውን የጦርነት ጨዋታ ከጓደኛዎ ጋር ለመሞከር ካሰቡ፣ ውድ ምስሎችንና ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት፣ ዋን ፔጅ ሩልስ የተባለው አሳታሚ መሠረታዊ ሕጎቹን በነጻ ባቀረበው «ግሪምዳርክ ፊውቸር፦ ፋየርፋይት» በተሰኘው ጨዋታ ቢጀምሩ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ5 እስከ 10 ተዋጊ ይበቃል፤ ምስል ከሌለ ከካርቶን ቆርጦ ሳንቲም ላይ መለጠፍ ይቻላል። ተጫዋቾቹ ተዋጊዎቻቸውን አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ አንዱ ሠራዊቱን ሁሉ አንቀሳቅሶ እስኪጨርስ ሌላው እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ በእኔ ግምት ለጀማሪ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ተዋጊው ሄዶ ለመተኮስ 6 ኢንች፣ ለመሮጥ ወይም ለጨበጣ ውጊያ ለመግባት ደግሞ 12 ኢንች ስለሚጓዝ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ጥቂት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ያዘጋጁ። ለመጀመሪያው ግጥሚያ ልዩ ችሎታዎችን ወደ ጎን ትተው፣ ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት ቡድን ያሰልፉ። ከሁሉ በላይ ጠረጴዛውን ባዶ አይተዉት፤ ተራው ጠመንጃ እስከ 24 ኢንች ስለሚደርስ፣ በመጻሕፍትና በጣሳዎች በቂ መሸሸጊያ ካልተሠራ፣ ቀድሞ የተኮሰው ወገን ሌላው ሳይጠጋ ግጥሚያውን ሊጨርሰው ይችላል።