በመረጃ ትንተና ከፍተኛ ሥልጠና ይዞ ከጅማ ሥራ መፈለግ፦ ከየት እንደሚጀመር

በመረጃ ትንተና (በእንግሊዝኛው ኢንተለጀንስ አናሊሲስ) ከፍተኛ ሥልጠና የወሰደ ሰው ወደ ጅማ ሲመለስ ገና ሥራ ሳይፈልግ የትምህርቱ ስም ያስቸግረዋል። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ያጠናሁት መረጃ ነው» ቢል፣ አንዱ ጆሮ ጠቢ የመጣበት መስሎት ድምፁን ይቀንሳል፤ ሌላው ደግሞ የተበላሸ ስልኩን አውጥቶ ይሰጠዋል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት «መረጃ» የሚለውን ቃል ሳይጠቀሙ የሚችሉትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። «እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ምንጮችን መርምሬ፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚታመን ለይቼ፣ ለውሳኔ ሰጪው ምን ሊከሰት እንደሚችል በሁለት ገጽ እጽፋለሁ» ቢሉ ቀጣሪው የሚገዛውን ነገር ያውቃል።

ቀጥሎ የመንግሥትን በር በልኩ ይመልከቱት። ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎትና ፌዴራል ፖሊስ ተንታኝ የሚያስፈልጋቸው ተቋማት ናቸው፤ ይሁንና ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። ማመልከቱ ተገቢ ነው፤ ማመልከቻ አስገብቶ ስልክ እየጠበቁ ዓመት ማሳለፍ ግን አይመከርም።

ሦስተኛው እርምጃ ከትንተና ዘዴው ጋር የሚያጣምሩትን አንድ የሥራ መስክ መምረጥ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ዘዴውን ብቻ የያዘ ተንታኝ ወንፊት ይዞ እህል እንዳጣ ሰው ነውና። ጅማ ላደገ ሰው ደግሞ ቡና ከደጁ ነው።

የመጀመሪያው የቡና በር ባንኮች ናቸው። ከአዋጅ ቁጥር 780/2005 ጀምሮ በየጊዜው የወጡ ሕጎች ባንኮች አጠራጣሪ ግብይት ሲያገኙ እንዲያሳውቁ ስለሚያስገድዱ፣ የኮምፕሊያንስና የሪስክ (የሕግ ማክበርና የሥጋት ቁጥጥር) ክፍሎቻቸው ከቁጥር በስተጀርባ ያለውን ነገር የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ። የአንድ ቡና አቅራቢ አካውንት በኅዳርና በታኅሣሥ ገንዘብ ቢንቀሳቀስበት የለቀማ ወቅት ስለሆነ አያስደንቅም፤ ያው አካውንት በነሐሴ፣ በየቀኑ፣ ባንኩ የግድ ሪፖርት ከሚያደርገው መጠን ጥቂት ዝቅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ቢገባበት ግን ጥያቄ ያስነሣል። ጥሩ ተንታኝ እዚህ ላይ ለመክሰስ አይቸኩልም። ሰውየው ዋጋ እስኪወጣ ያቆየውን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሸጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱንም ግምት ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ማስረጃ የትኛውን ግምት እንደሚያፈርስ ይፈትሻል። ይህንን ጅማን የማያውቅ ባለሙያ በቀላሉ አያየውም።

ሁለተኛው የቡና በር የላኪዎችና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ደንብ ተፈጻሚ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛም መቅረብ አለበት፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ አንድ ነጥብ ስለማይበቃ ዙሪያ ወሰኑ ይጠየቃል። በጅማ ዞን ብዙ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ስለሚበቅል፣ የሳተላይት ምስል ደኑንና የቡና ማሳውን ሊያምታታ ይችላል። ምስሉን ከመስክ መዝገብ ጋር አመሳክሮ የሚያስረዳ ሰው፣ የካርታ ሶፍትዌር ካወቀ፣ እዚህ ሥራ አለው።

ከቡና ውጭ የኅብረተሰብ ጤና የወረርሽኝ ቅኝትና የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያም አሉ። ኢጋድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመውና አዲስ አበባ የሚገኘው ሴዋርን ለሁለተኛው ምሳሌ ይሆናል።

መስኩን ከመረጡ በኋላ ናሙና ይሥሩ፤ ዲግሪ ብዙ ሰው አለው፣ የሚነበብ ናሙና ያለው ግን ጥቂት ነው። ጊዜ የሚፈርድበትን ጥያቄ ይምረጡ፦ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በጅማ ዙሪያ የቀይ እሸት ቡና ዋጋ ካምናው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» መልሱን በመጀመሪያው መስመር ያስቀምጡ፣ ከዚያ ማስረጃውን፣ በመጨረሻም ምን ቢከሰት ሐሳብዎን እንደሚቀይሩ ይጻፉ። አማርኛ በዚህ በኩል ያታልላል፦ «ሊሆን ይችላል» ምንም ላይ አያስርም፣ «ሳይሆን አይቀርም» ደግሞ ከምናስበው በላይ ያስራል። ስለዚህ ከቃሉ አጠገብ «ከ100 ወደ 70 የሚጠጋ ዕድል» የሚል ቁጥር ያክሉ። ምሥጢራዊ ሰነድ ወይም ከቀድሞ ቀጣሪ የወጣ ፋይል በናሙናው ውስጥ አይግባ፤ ያነጋገሯቸውን ነጋዴዎች ስምና ስልክም ከናሙናው ያስወግዱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን የሚያውቅ ጠያቂ ለዚህ ጥንቃቄ ዋጋ ይሰጣል።

ናሙናውን ለቀማ ሳይጀመር፣ በመስከረም፣ ሊቀጠሩበት ለሚፈልጉት ክፍል ኃላፊ በእጅ ያድርሱ። ጥር ሲገባ ግምትዎ የት ላይ እንደያዘና የት ላይ እንደሳተ በግማሽ ገጽ ጽፈው፣ የሥራ ማስታወቂያ ቢወጣም ባይወጣም፣ ለዚያው ሰው ደግመው ይላኩ።