«ከፍያለሁ፣ ፓኬጄ የታለ?» የማውጫ ድረ-ገጽ ችግርና መፍትሄ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሥራዬ የድርጅት ማውጫ ድረ-ገጾችን መሥራት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከምሠራው ይልቅ ሌላ ሰው ሠርቶ የተወውን የምጠግነው ይበዛል። ከገላን እስከ ኮዬ ፈጬ ብሎኬት አምራቹ፣ አሉሚኒየም ሠሪው፣ አሸዋ የሚያመላልሰው ገልባጭ፣ የጥርስ ክሊኒኩ ሁሉ አንድ ማውጫ ላይ ይመዘገባል። በነጻ የተመዘገበ ስሙና ሰፈሩ ይታይለታል። የከፈለ ስልኩ፣ ፎቶው፣ ካርታው ይታያል፤ ብዙ የከፈለ ከላይ ይወጣል። እነዚህን የክፍያ ደረጃዎች ፓኬጅ እንላቸዋለን፤ ትልቁ ወርቅ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚበላሸው ግን ሁሌ እዚያው ቦታ ነው።

ከታች ያለው ዎርድፕረስ (የድረ-ገጽ መሥሪያ) እና ዉኮመርስ (በእሱ ላይ የሚጫን የመሸጫ ፕሮግራም) ላይ ለተሠሩት ነው። ባክአፕ መያዝ፣ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ማደስ፣ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ መጠበቅ የምታውቁት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ምልክት፦ ደንበኛው ከፍሏል፣ ገጹ ግን ነጻ ላይ እንደቆመ ነው

የሚደወልልኝ በአብዛኛው ለዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ገላን አካባቢ ብሎኬት የሚያመርቱ አንድ አባት እሁድ ጠዋት ደወሉ። «ልጄ፣ ብሬን በላችሁት እንዴ?» ነው የመጀመሪያ ቃላቸው። በቴሌብር ከፍለዋል። የመጣላቸውን ኤስኤምኤስ ቃል በቃል አነበቡልኝ። ድረ-ገጹ ላይ ግን ስልካቸው ተሸፍኗል፣ ፎቶዎቻቸውም የሉም።

ሩቅ ስላልሆነ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንዴት እንደከፈሉ እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። አሳዩኝ። ድረ-ገጹ ላይ «ክፈል» የሚለውን ነኩ። አፑ ተከፈተ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሚስጥር ቁጥራቸውን አስገቡ። ኤስኤምኤስ ጢን አለ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ለእሳቸው ጉዳዩ አለቀ።

ችግሩ ያለው እዚያች ኪስ ውስጥ ነው። ድረ-ገጹን የሠራው ልጅ ፓኬጁን የሚከፍተው «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ሲከፈት እንዲሆን አድርጎ ነበር። ያ ገጽ የሚከፈተው ደንበኛው ከክፍያው በኋላ ወደ ብሮውዘሩ ሲመለስ ብቻ ነው። ማን ይመለሳል? ብሩ መቆረጡን በኤስኤምኤስ ያየ ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ሊመለስ ቢያስብ እንኳ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ባትሪው ያልቃል፣ አሮጌ ስልክ ከሆነም አፑ ሲከፈት ብሮውዘሩን ከጀርባ ይዘጋዋል። ልጁ ሲሞክረው ሠርቶለታል። የሞከረው ቢሮው ውስጥ፣ ላፕቶፕ ላይ፣ በዋይፋይ ነዋ!

የከፈለ ሰው ወደ ድረ-ገጹ ፈጽሞ እንደማይመለስ አድርጋችሁ ሥሩ። የተመለሰ ካለ ትርፍ ነው።

*መፍትሄው* ዌብሁክ ነው። ክፍያ አስተላላፊው ድርጅት ብሩ ሲገባ ከራሱ ሰርቨር ወደ እናንተ ሰርቨር መልእክት ይልካል። የደንበኛው ስልክ ክፍት ይሁን ዝግ ጉዳዩ አይደለም። መልእክቱ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትመኑት። የክፍያውን መለያ ቁጥር ይዛችሁ አስተላላፊውን መልሳችሁ ጠይቁ፦ ይሄ ክፍያ እውነት ተፈጽሟል? ስንት ብር? ለየትኛው ትዕዛዝ? ሦስቱም ሲገጥሙ ብቻ ፓኬጁን ክፈቱ። ይህን ማጣራት የዘለለ ድረ-ገጽ አይቻለሁ። የዌብሁኩን አድራሻ ያወቀ ማንም ሰው «ተከፍሏል» የሚል መልእክት በእጁ ጽፎ ቢልክ ወርቅ ፓኬጅ ይከፈትለት ነበር። በነጻ!

ዌብሁኩ ተሠርቶም የማይደርስበት ጊዜ አለ። የአስተላላፊው ዳሽቦርድ ላይ የተላኩት መልእክቶችና ሰርቨራችሁ የመለሰው ቁጥር ይታያል። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

301 ካያችሁ አድራሻው ተሳስቷል። ዌብሁኩን ያለ ኤስ በኤችቲቲፒ አስመዝግባችሁታል፣ ወይም ድረ-ገጹ ያለ ሦስቱ ደብልዩ ሲሆን እናንተ ከነደብልዩው ጻፋችሁት። ሰው ሲከፍተው ብሮውዘሩ ወደ ትክክለኛው ስለሚያሻግረው ችግሩ አይታይም። ዌብሁክ ላይ ግን ወይ ላኪው አይሻገርም፣ ወይ ሲሻገር የተሸከመው መረጃ መንገድ ላይ ይቀራል። አድራሻውን ገልብጣችሁ ለጥፉ እንጂ ከጭንቅላታችሁ አትጻፉ።

403 ከሆነ የሴኩሪቲ ፕለጊኑ ወይም የሆስቲንጉ ፋየርዎል መልእክቱን እንደ ጥቃት ቆጥሮ በር ላይ መልሶታል። ያቺን አንዲት አድራሻ ብቻ ፍቀዱላት። ፋየርዎሉን ጠቅላላ እንዳታጠፉት! ለገጣፎ ያለ አንድ ደንበኛዬ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ አጥፍቶት ድረ-ገጹ በማግስቱ የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶት አደረ።

404 ከሆነ ፕለጊኑ ጠፍቷል ወይ የፐርማሊንክ (የገጾች አድራሻ) ቅንብሩ ተነክቷል፤ ቅንብሩን ከፍታችሁ «አስቀምጥ» ብቻ በሉት። 500 ከሆነ የሰርቨሩን የስህተት መዝገብ (ሎግ) አንብቡ። ምንም የተላከ ነገር ከሌለ ደግሞ ከአስተላላፊው የተሰጣችሁ የሙከራ ቁልፍና የእውነተኛው ቁልፍ ተምታቶባችኋል። ይቺን እኔም ሠርቻታለሁ፣ አላፍርም።

200 (ማለትም «ደርሶኛል») ብሎም ፓኬጁ ካልተከፈተ ወደ ዉኮመርስ ትዕዛዞች ግቡ። ትዕዛዙ «ፕሮሰሲንግ» (በሂደት ላይ) ላይ ቆሟል? አገኛችሁት። ዉኮመርስ ክፍያ ሲደርሰው ትዕዛዙን በራሱ «ኮምፕሊትድ» (ተጠናቋል) የሚያደርገው ዕቃው «ቨርቹዋል»ም (በአካል የማይላክ) «ዳውንሎደብል»ም (ከድረ-ገጽ የሚወርድ) ተብሎ ምልክት ሲደረግበት ነው። አንዱ ብቻ ከተደረገ «ሰው አይቶ ይላከው» ብሎ ፕሮሰሲንግ ላይ ያቆየዋል። ብዙዎቹ የማውጫ ፕለጊኖች ደግሞ ፓኬጅ የሚከፍቱት ኮምፕሊትድ ሲባል ነው። ሁለቱ እየተጠባበቁ ይውላሉ፤ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ተረስቶ።

ሌላው ተቃራኒው ነው። ሰርቨራችሁ ቶሎ 200 ካልመለሰ አስተላላፊው አልደረሰም ብሎ ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልካል። አንዲት የፈርኒቸር ሱቅ ያላት እህት የአንድ ወር ከፍላ ሦስት ወር ተሰጥቷት ነበር። አልደወለችም፣ ደግሞስ ለምን ትደውላለች? የድረ-ገጹ ባለቤት ሒሳብ ሲያመሳክር ነው የታየው። የተሠራበትን መለያ ቁጥር መዝግባችሁ አስቀምጡ፤ በዚያው ቁጥር ሁለተኛ ከመጣ «እሺ» ብላችሁ መልሱና ምንም አታድርጉ።

እኔ በዚህ ላይ አንድ መጠባበቂያ እጨምራለሁ። በየሰዓቱ ያልተዘጉ ትዕዛዞችን እየለቀመ አስተላላፊውን የሚጠይቅ ትንሽ ሥራ። ሆስቲንጉ ለግማሽ ሰዓት ቢወድቅና ዌብሁኩ ቢያመልጥ እንኳ ደንበኛው ሳይደውል ይስተካከላል። ይህን ከጨመርኩ ወዲህ እሁዴ እሁድ ሆኗል።

ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ ደንበኛው በአካውንቱ ሲገባ ፓኬጁ ተከፍቶ ካየ፣ ሌላ ሰው ሲያየው ግን ነጻ ከሆነ፣ ችግሩ ካሽ ነው፤ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ቀድሞ የተቀመጠ የድሮ ቅጂ ማለቴ ነው። ፓኬጅ ሲቀየር የዚያ ገጽ ካሽ አብሮ እንዲጸዳ አድርጉ።

ምልክት፦ ጊዜው ያለፈበት አሁንም ወርቅ ላይ ነው፤ ወይም ሳያልቅ ተዘጋበት

ሳይዘጋ የሚቆየው በዎርድፕረስ ክሮን፣ ማለትም ቀጠሮ የተያዘላቸውን ሥራዎች በሚያስነሳው ክፍል፣ ምክንያት ነው። ይሄ ክሮን ሰዓት ጠብቆ የሚነሳ አይደለም፤ የሚነሳው ሰው ድረ-ገጹን ሲከፍት ነው። ጎብኚ ከሌለ፣ ወይም ጎብኚው የሚያየው ከካሽ የወጣ ገጽ ከሆነ፣ ተኝቶ ይከርማል። ሆስቲንጉ ላይ እውነተኛ ክሮን በየ15 ደቂቃው እንዲያስነሳው አድርጉና የዎርድፕረሱን አጥፉት።

ያለጊዜው የሚዘጋው ደግሞ የእኛው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ፓኬጁን «1 ወር» ብላችሁ ከሞላችሁት ሲስተሙ የሚቆጥረው የፈረንጅ ወር ነው። ጥር 24 ቀን 2017 የከፈለ ሰው እስከ የካቲት 24 ይጠብቃል። ለሲስተሙ ግን የከፈለበት ቀን ፌብሩዋሪ 1 ነው፤ ስለዚህ ማርች 1 ላይ፣ ማለትም የካቲት 22 ቀን ይዘጋበታል። ሁለት ቀን ተበላ። «ሌቦች» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? «1 ወር» የሚለውን «30 ቀን» አድርጉት። ከጳጉሜ በቀር ልክ ይገጥማል። ጳጉሜን እኔ እመርቃለሁ፤ ለአምስትና ለስድስት ቀን ከሰው ጋር መጣላት አያዋጣም።

የሰዓት ክልሉንም እዩት። ወደ አዲስ አበባ ካልተቀየረ የሲስተሙ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ምልክት፦ የተሸፈነው ስልክ ቁጥር ጉግል ላይ ይታያል

ይሄ ያናድደኛል። «ደብቅ» ሲባል በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ከዓይን ብቻ የሚሰውሩ ሠሪዎች አሉ። ቁጥሩ ገጹ ውስጥ እንዳለ አለ። የገጹን ምንጭ የከፈተ ያየዋል፣ ጉግልም ያነበዋል። መጋረጃ ጋርዶ በሩን ክፍት መተው በሉት። ከፋዩ ይህን ያወቀ ቀን «ታዲያ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ይላችኋል፤ መልስ የላችሁም።

መሸፈን ያለበት ከሰርቨሩ ነው፤ ፓኬጁ ካልፈቀደ ቁጥሩ ጭራሽ አይውጣ። የድረ-ገጹን ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች መረጃ የሚወስዱበትን በር)፣ የፍለጋ ውጤቱንና የካርታውን ብቅ ባይ ሳጥን አትርሱ። ካርታው ላይ ሁሌ ይረሳል። ለማረጋገጥ ሳትገቡ፣ በሌላ ብሮውዘር፣ የገጹን ምንጭ ከፍታችሁ የቁጥሩን የመጨረሻ አራት አሃዞች ፈልጉ።

ምልክት፦ ወደ ነጻ የወረደ ሰው 10 ፎቶው አሁንም አለ

ፕለጊኑ ገደቡን የሚያየው ፎቶ ሲጫን እንጂ ሲታይ አይደለም። ሲታይም እንዲያይ አድርጉት። ማስጠንቀቂያ፦ ትርፉን ፎቶ አትሰርዙ! ደብቁት። ሰውየው በሳምንቱ ተመልሶ ይከፍላል፣ ፎቶዎቹንም ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ሰርዤ የአንድ አሉሚኒየም ቤት የበርና መስኮት ሥራ በሙሉ ጠፋ። ፎቶ አንሺ ይዤ ሄጄ እንደገና አስነሣሁ፣ ከኪሴ።

ምልክት፦ ሦስት ገጽ ያለው ሰው ለአንዱ ከፍሎ ሦስቱም ተከፈቱለት፣ ወይም አንዱም አልተከፈተም

ፓኬጁ የታሰረው ከሰውየው አካውንት ጋር ነው ወይስ ከድርጅቱ ገጽ ጋር? ሳትወስኑ ከጀመራችሁ ይሄ ይመጣል። ሰበታም ቡራዩም ሱቅ ያለው ሰው ብዙ ነው። ከገጹ ጋር እሰሩት።

አንዱም ካልተከፈተ ስልክ ቁጥሩን እዩ። አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251 ተመዝግቦ አንድ ሰው ሁለት ሆኗል። ወይም ወንድሙ በራሱ ስልክ ከፍሎለታል። ክፍያን በከፋዩ ስልክ አታዛምዱ፤ በትዕዛዝ ቁጥር ብቻ።

ምልክት፦ ስክሪንሾት ልኳል፣ ብሩ ግን የለም

ባንክ በቀጥታ የሚያስገቡ ደንበኞች አሁንም አሉ፤ ዉኮመርስም ትዕዛዛቸውን ሰው እስኪያጸድቀው ያቆየዋል። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። በስልክ አፕ የሚሠራ ነገር ነው፤ የአምናውን ቀኑን ቀይሮ የላከም ገጥሞኛል። የግብይት ቁጥሩን ከሒሳባችሁ ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ አጽድቁ። መብራት ጠፍቶም ቢሆን፣ ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ» ቢልም።

የቀሩት ባጭሩ

ደንበኛው ገጹን ባስተካከለ ቁጥር ገጹ ከጠፋ፣ «ከማስተካከያ በኋላ ይታይ ወይስ ይጠብቅ» የሚለው ቅንብር ለከፋዮችም «ይጠብቅ» ላይ ነው።

ዋጋ ስትጨምሩ ነባሮቹ ላይ ከጨመረ፣ የድሮውን ፓኬጅ አትንኩት፤ ከሽያጭ አውርዱትና አዲስ ፍጠሩ።

ክፍያው ደርሶ ማጣሪያው «መጠኑ አይገጥምም» ካለ፣ 15 በመቶው ቫት አንድ ቦታ ተጨምሮ ሌላ ቦታ ተረስቷል።

ደረጃዎቹን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ብላችሁ ከሰየማችሁ ደግሞ ስልክ አንሱና ይህን መልሱ፦ «ብር ስንት ብር ነው?» እኔ መካከለኛውን «መደበኛ» ብዬዋለሁ።