የመኪና ስካነር ከመግዛትዎ በፊት፦ ለሰሜን ሸዋ አሽከርካሪዎች

ስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ብልሽትን የሚያነብ መሣሪያ፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ከገዛ መኪናው ጋር ቢያሳልፍ ገንዘቡን ከብክነት ያድናል። መሣሪያው የሚመረጠው በመኪናው ልክ ነውና፣ ለጎረቤት ኮሮላ ተስማምቶ የሠራ ስካነር ለእርስዎ መኪና ባዶ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ከመሪው በታች ባለው ፕላስቲክ አካባቢ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ይፈልጉ፤ ስካነሩ የሚሰካው እዚህ ነው። አሜሪካ በዚህ ሶኬት የሚነበበውን የምርመራ ሥርዓት (ኦቢዲ 2) ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ያደረገች ሲሆን፣ አውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገድዳለች። ስለዚህ ለእነዚህ ገበያዎች የተሠራና ከተጠቀሱት ዓመታት ወዲህ የተመረተ የቤንዚን መኪና ከማንኛውም ደህና ስካነር ጋር ይግባባል። ችግሩ ያለው ለጃፓን የውስጥ ገበያ ተሠርተው፣ በኋላ መሪያቸው ወደ ግራ ዞሮ እኛ ዘንድ በደረሱት ቀደምት መኪኖች ላይ ነው። ቀደምት ቪትዞችን የመሳሰሉት ሶኬቱ ቢኖራቸውም አንዳንዶቹ የሚናገሩት በአምራቹ የራሱ ቋንቋ ስለሆነ፣ ርካሹ መሣሪያ «አልተገናኘም» ብሎ ይቀራል። በስልክዎ መብራት ሶኬቱን ይመልከቱ፤ ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። 6ኛውና 14ኛው ቀዳዳ ውስጥ ብረት ካለ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን የመገናኛ መንገድ ይጠቀማል። እነዚህ ባዶ ሆነው 7ኛው ብረት ካለው ግን የድሮውን መንገድ የሚጠቀም ነውና፣ ሻጩን «ይህንንም ያነባል ወይ?» ብለው ለይተው ይጠይቁ።

አይሱዙ ወይም ሌላ የጭነት መኪና ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ለ12 ቮልት የተሠራ ትንሽ ስካነር ሲሰካባቸው ሊቃጠል ይችላል። በቴስተር በ4ኛውና በ16ኛው ቀዳዳ መካከል ያለውን ቮልት መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውም ቢሆኑ ተራው ስካነር የዋናውን ባትሪ ሁኔታ እንደማያሳያቸው ዐውቀው፣ የመኪናቸውን ስም ለይቶ የሚደግፍ መሣሪያ ይፈልጉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመሣሪያው ዓይነት ነው። በጣም ርካሹ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው፣ ኢኤልኤም 327 እየተባለ የሚሸጠው ትንሽ ሶኬት ነው። ለአንድሮይድ ስልክ ይበቃል፤ አይፎን ያለው ሰው ግን በዋይፋይ ወይም ለአይፎን በተስማማ ብሉቱዝ የሚሠራውን መምረጥ አለበት። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቅጂ በመሆኑ ጥራቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ መኪናዎ ላይ ሳይሞከር ገንዘብ አይክፈሉ። የራሱ ስክሪን ያለው የእጅ ስካነር ዋጋው ከፍ ቢልም፣ የኤቢኤስን (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ሥርዓት) እና የኤርባግን ኮምፒውተር ማንበብ ለሚፈልግ ሰው የተሻለ ነው፤ እነዚህን የሚያነበው ግን ሁሉም አይደለምና በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ይዘው አይመኑ። ላውንችና ኦውቴል የሚያመርቷቸው ትልልቅ መሣሪያዎች ለጋራዥ የተሠሩ ናቸው። አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው እኔ አልመክራቸውም፤ ሶፍትዌራቸውን ለማደስ በየጊዜው የሚጠየቀው ክፍያም ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው መሣሪያው ሞተሩ እየሠራ ሳለ ያለውን ንባብ በቁጥርና በግራፍ ማሳየት መቻሉን ነው። ኮድ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ለብልሽት የሚሰጠውን መለያ፣ ብቻ የሚያወጣ ስካነር ያለ ፍላጎት መለዋወጫ ያስገዛል። የራሴ ኮሮላ ፒ 0171 የሚል ኮድ ባወጣ ጊዜ፣ አንድ ባለሙያ ኮዱን ብቻ አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር እንድቀይር ነገረኝ፤ ቀየርኩት፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። ኮዱ የሚለው ግን ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ነው እንጂ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይደለም። በኋላ በስልኬ የነዳጅ ማስተካከያውን ንባብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ስከፍት፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ 23 በመቶ ጭማሪ ያሳይ የነበረው ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 5 ወረደ። በዝቅተኛ ዙር ከፍ ብሎ በከፍተኛ ዙር የሚስተካከል ከሆነ አየር በአንድ ቀዳዳ እየገባ ነው ማለት ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ በጣቴ ስዳብስ ከእጥፋቱ ሥር የተሰነጠቀ ቦታ አገኘሁ፤ ስንጥቁን በእጄ ስጨብጠው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ ቁጥሩም ዓይኔ እያየ ወረደ።

ሊገዙት ያሰቡት ስካነር እውነተኛ ንባብ ማሳየቱን ለማረጋገጥ የእኛ አገር ብርድና ከፍታ ጥሩ መፈተኛ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያደረ መኪና ጠዋት ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍተው የራዲያተር ውኃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት ያንብቡ። ሁለቱም ከውጭው ብርድ ጋር የተቀራረበ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። አየሩ 7 ዲግሪ እያለ ውኃው 30 የሚል ከሆነ፣ የውኃው ሴንሰር ወይም ገመዱ ይጠረጠራል። የአየር ግፊት ሴንሰር ባለው መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሣ ያለው ንባብ ደብረ ብርሃን ላይ 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ጣርማ በር ላይ 68 ገደማ ሲሆን፣ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ወደ 87 ይጠጋል። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ «100 መሆን አለበት» ሲባል ሰምቶ ደህና ሴንሰሩን የሚቀይር ሰው አለና ይህን ልብ ይበሉ፤ መቶው የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ሻጩ ሱማሌ ተራ ከሆነና መኪናዎን ይዘው ከሄዱም ይኸው ፈተና ይሠራል፤ አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ስለምትል ቁጥሩ በጥቂቱ ከፍ ይላል እንጂ መቶ አይደርስም።

መሣሪያውን ከገዙ በኋላ ኮድ ለማጥፋት አይቸኩሉ። ኮዱ በሚጠፋበት ጊዜ ችግሩ ሲፈጠር የነበረው ፍጥነት፣ ሙቀትና የሞተር ዙር ተመዝግቦ የተቀመጠበት መረጃም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድመው ስክሪኑን ፎቶ ያንሡ። ትንሹን ሶኬት ደግሞ ሥራ ሲጨርሱ ይንቀሉት። ተሰክቶ ከቆየ ባትሪ ቀስ በቀስ ይበላል፤ በደጋው ብርድ የደከመ ባትሪ ደግሞ ጠዋት ሞተሩን አያስነሣም።